ከሰማይ የሚወርድ መሐንዲስ



ከአጅባር ወጣቶች አንዱ «ከአውሮፕላን በፓራሹት የሚዘል መሐንዲስ አለን? ለሙስሊምስ የሚገባ ሙያ ነውን?» ሲል ጠይቋል። ፈትዋ መስጠት የዑለማዎች ድርሻ ነው፤ ስለ ሙያው ግን ጥቂት እንበል።

አዎን፣ አለ። አየር ወለድ ጦር መንገድ በሌለበት ስፍራ ስለሚወርድ ፈንጂ የሚያመክን፣ ወንዝ የሚያሻግር፣ የአውሮፕላን ማረፊያ የሚደለድል ሰው አብሮት ይዘላል። ይህ ሰው አስቀድሞ ወታደር ነው፤ ዕቃውን ተሸክሞ ይወርዳል፤ «ረሳሁ» ብሎ የሚመለስበት መንገድ የለውም።

እ.ኤ.አ. ጁን 6 ቀን 1944 እንግሊዞች በፈረንሳይ ኖርማንዲ ሁለት ድልድዮችን ለመያዝ ሞተር በሌላቸው አውሮፕላኖች በሌሊት 180 ያህል ወታደሮች ላኩ። ከእነዚህ 30ዎቹ መሐንዲሶች ነበሩ። ሥራቸው ማፍረስ አልነበረም፤ ጀርመኖች ድልድዮቹን እንዳያፈነዱ ከሥር ገብቶ ሽቦ መቁረጥና ፈንጂ መፈለግ ነበር። ድልድዮቹም ተረፉ።

ዕቃ መርሳት ምን እንደሚያስከትል ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ መቅደላ ቅርባችን ናት። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የጄኔራል ናፒየር ጦር ወደ አምባው በር ሲደርስ በሩን እንዲያፈርሱ የታዘዙት መሐንዲሶች ባሩዱንም መሰላሉንም ሳይዙ መጥተው ኖሯል! ከዙላ ጠረፍ የባቡር ሐዲድ የዘረጋ ጦር ነበር እኮ። በስተመጨረሻ ሁለት ተራ ወታደሮች አጥሩን ተንጠላጥለው ገቡ።

ወደ ጥያቄው ሁለተኛ ክፍል ስንመለስ፣ በ5ኛው ዓመተ ሂጅራ መዲና በጠላት ልትከበብ ስትል ቦይ እንዲቆፈር ያማከሩት ሰልማን አል-ፋሪሲ (ረ.ዐ.) ነበሩ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ከሶሓቦች ጋር ቆፍረዋል፣ አፈር ተሸክመዋል። ያ ምህንድስና ሴቶችንና ሕፃናትን ከጥቃት የጠበቀ ነው። ድልድይ የሚያድነው እጅ ድልድይ ማፍረስም ይችላል፤ ወንድማችን ኒያውን ይመርምር፣ ማን እንደሚያዘውና በማን ላይ እንደሚያዘው ይጠይቅ። ከባዱ ነገር መዝለሉ አይመስለኝም፤ ይኸኛው ነው።

እናቶች ሆይ! ልጃችሁ «እዘላለሁ» ሲላችሁ አትደንግጡ። ከዝላዩ በፊት የዓመታት ትምህርት አለ፤ ለጊዜው የሒሳብ ደብተሩን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።