‹‹ኸገበያ›› ብሎ የጻፈ ልጅ ተሳስቷልን?

ሰሞኑን ለማስተማር ልምምድ በመሐል ሜዳ ዙሪያ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ወጥተን ነበር። በአንድ ክፍል ቃለ ጽሕፈት ስናጽፍ፣ አንድ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ‹‹እናቴ ከገበያ መጣች›› ያልነውን ‹‹እናቴ ኸገበያ መጣች›› ብሎ ጻፈ። ከመካከላችን አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና ጮክ ብሎ አነበበው። ክፍሉ ሳቀ። እኛም ከኋላ ተቀምጠን ሳቅን። ልጁ በዚያ ቀን ዳግመኛ እጁን አላወጣም።

ማታ መኝታ ቤት ሆነን ስንጫወት ነገሩ ከነከነን። አብዛኞቻችን የመንዝ፣ የግሼና የመርሐ ቤቴ ልጆች ነን። እቤታችን ስንገባ እኛስ ‹‹ኸ›› እንል የለም እንዴ? ታዲያ ምን አሳቀን?

ውድ አንባቢያን፣ እስቲ ፊደል ገበታውን አብረን እንመልከተው። ፊደላችን የተበጀው ለግዕዝ ነው። አማርኛ የቤትና የአደባባይ ንግግር ሆኖ ሳለ የብራናው ቋንቋ ግዕዝ ነበር። ከሚታወቁት የአማርኛ ጽሑፎች ቀደምት የሚባሉት የነገሥታት ውዳሴ ግጥሞች ሲሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹ በ14ኛው ምዕተ ዓመት ለነገሡት ለዐፄ ዓምደ ጽዮን የተገጠሙ ናቸው። አማርኛን ለመጻፍ የተነሡት ሰዎች በግዕዝ የሌለ ድምፅ ሲገጥማቸው ‹‹ስሕተት ነው›› ብለው አልሰረዙትም። ከ‹ሰ› ‹ሸ›ን፣ ከ‹ተ› ‹ቸ›ን፣ ከ‹ነ› ‹ኘ›ን፣ ከ‹ከ› ‹ኸ›ን፣ ከ‹ዘ› ‹ዠ›ን፣ ከ‹ደ› ‹ጀ›ን፣ ከ‹ጠ› ‹ጨ›ን አወጡ። በፊደሉ ላይ ምልክት ጨመሩ እንጂ የሰውን አፍ አልቆረጡም። እኛ የሳቅንባት ‹ኸ› ከነዚህ ከሰባቱ አንዷ ናት!

ይህ የጥንት ሥራ ብቻ አይደለም። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በ1964 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሽነጋን መንደር ታሪክ በመጀመሪያ የጻፉት በጉራጌው ቸሃ ነው። ቸሃ ከንፈር አሞጥሙጠው የሚሏቸው ‹ም›ና ‹ብ›፣ በላንቃ የሚለሰልሱ ‹ክ›ና ‹ግ› አሉት። ለሰባት ቤት ጉራጌ ድምፆች በነባሩ ፊደል ላይ የተበጁት ተጨማሪ ሆሄያትም በ2005 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒዩተር የፊደል መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።

በአንጻሩ የጎረቤታችንን የአርጎባን ቋንቋ እንይ። ከአማርኛ ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። ነገር ግን በአንኮበር በኩል በብዙ መንደር ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ቋንቋውም አብሮ አልፏል፤ ቦታውን አማርኛ ወይም ኦሮምኛ ይዞታል። ሳይጻፍ የጠፋውን ቃል ከእንግዲህ ከማን አፍ እንሰማዋለን?

‹‹ታዲያ ፈተናው በመንዝ አፍ ይውጣ ልትሉ ነው?›› የሚሉን አይጠፉም። አላልንም። ልጁ ነገ ደብረ ብርሃንም፣ አዲስ አበባም፣ ጎንደርም ይሄዳል፤ መጽሐፉ ‹‹ከገበያ›› ስለሚል እሱንም ማወቅ አለበት። የኛ ጥያቄ ማስተማሩ በምን መንገድ ይሁን ነው። ‹‹እናትህ ተሳስታለች›› ማለት ሌላ፣ ‹‹እቤት እንዲህ እንላለን፣ በመጽሐፍ ደግሞ እንዲህ ይጻፋል›› ማለት ሌላ። በመጀመሪያው ልጁ ዝም ማለትን ይማራል። በሁለተኛው ግን ሁለቱንም አውቆ ይወጣል።

ስለዚህ ሰልጣኝ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ቀዩን እስክሪብቶ ከማንሣታችን በፊት ልጁን እንጠይቀው። ሁለተኛ፣ እያንዳንዳችን ለዕረፍት አገር ቤት ስንገባ አንድ ደብተር ይዘን እንግባ፤ የእርሻውን፣ የበግ እርባታውን፣ የበርኖሱን ሥራ ቃላት ከእናት ከአባቶቻችን አፍ እንደተነገሩ እንጻፍ። ስንመለስ በዚሁ ግድግዳ ላይ እንለጥፋቸው።

የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ይባል የለ! ያንን ልጅ ግን ይቅርታ ልንጠይቀው ሰኞ እንሄዳለን።