ፒክአፕ መቼ ነው «ትራክ» የሚሆነው? የአሜሪካ ትንንሽ ኮንትራክተሮችን የሚይዘው ቁጥር

«ሲዲኤል የለኝም፣ ትራክ ነጂም አይደለሁም። የትራክ ሕግ እኔን ምን አገባው?»

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድ እና በቨርጂኒያ ቀለም ከሚቀቡ፣ ወለል ከሚያነጥፉ እና ቤት ከሚያድሱ ወገኖቻችን መሀል እንዲህ የሚል ማግኘት ከባድ አይደለም። ሰውዬው ያለው አንድ ፒክአፕ እና ከኋላ የሚጎትታት ተሳቢ ነው። ትራክ ሲባል የሚታየው ሃይዌይ ላይ የሚገማሸረው ባለ 18 ጎማ እንጂ የራሱ መኪና አይደለም።

ሕጉ ግን እንደዚያ አያስብም። የሚያየው ሦስት ነገር ነው፦ ክብደት፣ የስቴት ድንበር እና ንግድ። ሦስቱ ከተገናኙ የቀለም ቀቢው ፒክአፕ በፌዴራል ሕግ ዓይን የንግድ ተሽከርካሪ ነው። ሕጉ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ግን አለማወቁ ከቅጣት ወረቀት አልፎ መንገድ ላይ ሥራ ሊያስቆም ይችላል። ነገሩን አንድ በአንድ እንየው።

ቁጥሩ 10,001 ነው

አገር ቤት በለመድነው የታርጋ ሥርዓት ነገሩ ቀላል ነው። ኮድ 2 የግል፣ ኮድ 3 የንግድ፤ ታርጋውን አይቶ መለየት ይቻላል። የአሜሪካው የፌዴራል ሕግ ግን በታርጋ አይለይም። መኪናው ብቻውን፣ ወይም መኪናውና ተሳቢው ተደምረው 10,001 ፓውንድ ከደረሱ እና በስቴቶች መካከል ለሚካሄድ ሥራ ከዋሉ «ኮሜርሻል ሞተር ቪሂክል» ይባላሉ። 10,001 ፓውንድ ማለት 4,536 ኪሎ፣ በእኛ አቆጣጠር 45 ኩንታል ገደማ ነው።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ክብደት ሲባል ያኔ ሚዛን ላይ የሚወጣው ብቻ አይደለም። ፋብሪካው «ይሄ መኪና የራሱን ክብደት ጨምሮ እስከዚህ ድረስ ይችላል» ብሎ የወሰነው መጠንም ይቆጠራል። ከሁለቱ የሚበልጠው ነው የሚያዘው። ስለዚህ ተሳቢው ባዶውን ቢሆንም የተጻፈበት ቁጥር ይደመራል። ቁጥሩ «ጂቪደብሊውአር» ተብሎ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ተለጥፏል፤ ተሳቢው ላይም እንዲሁ የራሱ ምልክት አለ።

ሒሳቡን እንሥራው። 7,000 ፓውንድ የተጻፈበት ፒክአፕ አለን እንበል፤ ብዙ ፎርድ ኤፍ-150ዎች እዚሁ አካባቢ ናቸው። 2,990 ፓውንድ የሆነች ባለ አንድ አክስል ትንሽ ተሳቢ ስንጨምርበት ድምሩ 9,990 ይሆናል። በ11 ፓውንድ አመለጥን ማለት ነው። ሥራ ሲሰፋ ሰውዬው ተሳቢዋን ሸጦ ባለ ሁለት አክስል ገዛ። ባለ ሁለት አክስል ላይ የተለመደው ቁጥር 7,000 ነው፤ ድምሩ 14,000 ገባ። ፒክአፑ ያው ነው፣ ሾፌሩ ያው ነው፣ ሥራው ያው ነው። ተሳቢው ስለተቀየረ ብቻ ሰውዬው ሌላ ሕግ ውስጥ ገብቷል። ተሳቢውን ሲገዛ ግን የተጠየቀው ገንዘብና ታርጋ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ሲዲኤልስ? እሱ የሚመጣው ከ26,001 ፓውንድ ጀምሮ ነው፤ ተሳቢ ካለ ደግሞ ተሳቢው ራሱ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ሲሆን። ከ10,001 እስከ 26,000 ባለው መሀል ያለ ሰው ሲዲኤል አያስፈልገውም፤ የንግድ ተሽከርካሪ ሕግ ግን ይመለከተዋል። ችግሩ ያለው እዚህ መሀል ላይ ነው። ብዙ ትንንሽ ኮንትራክተሮችም እዚሁ ናቸው።

ድልድዩን መሻገር

ሁለተኛው ነገር ድንበር ነው። ቴክሳስ መሀል የሚሠራ ሰው ወራት ሙሉ ከስቴቱ ላይወጣ ይችላል። የዲሲ አካባቢ ሰው ግን ሲልቨር ስፕሪንግ አድሮ ጠዋት ፎልስ ቸርች ሥራ ሊሄድ ይችላል። የአሜሪካን ሊጅን ድልድይን ሲሻገር ከሜሪላንድ ቨርጂኒያ ገባ። ዲሲም ለዚህ ሕግ እንደ አንድ ስቴት ነው የምትቆጠረው። መንገዱ አጭር ቢሆንም በሕጉ ቋንቋ ኢንተርስቴት ነው።

ከስቴቱ ያልወጣ ሰው የሚዳኘው በስቴቱ ሕግ ነው። ብዙ ስቴቶች ግን የፌዴራሉን ደንብ በሙሉም ሆነ በከፊል የራሳቸው አድርገውታል። «ድንበር አልተሻገርኩም» ማለት ብቻውን ነፃ አያወጣም።

ሦስተኛው ንግድ ነው። መኪናው ጎን ላይ «ኖት ፎር ሃየር» ብሎ በመጻፍ ከሕጉ የሚወጣ የሚመስለው ሰው አለ። አይወጣም። ጽሑፉ የሚለው «የሰው ዕቃ በክፍያ አልጭንም» ነው። የራስን መሰላል፣ ቀለም እና ኮምፕሬሰር ወደ ሥራ ቦታ መውሰድም ንግድ ነው።

2025 ላይ ምን ተቀየረ?

የንግድ ተሽከርካሪ የሚነዳ ሰው ከሕዝብ ጋር ለመነጋገር፣ የመንገድ ምልክት ለማንበብ፣ ለተቆጣጣሪ መልስ ለመስጠት እና ሪፖርት ለመሙላት የሚበቃ እንግሊዝኛ ሊኖረው ይገባል የሚለው ደንብ አስርት ዓመታት ያስቆጠረ ነው። በ2016 የወጣ መመሪያ ግን ተቆጣጣሪዎች በእንግሊዝኛ ጉድለት ብቻ ሾፌርን ከመንገድ እንዳያስወጡ ያደርግ ነበር።

ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኤፕሪል 28 ቀን 2025 (ሚያዝያ 20 ቀን 2017) በፈረሙት ትእዛዝ ያ መመሪያ ተሻረ። ከጁን 25 (ሰኔ 18) ጀምሮ ደግሞ የእንግሊዝኛ ጉድለት «አውት ኦፍ ሰርቪስ» ከሚያስብሉ ጥፋቶች አንዱ ሆነ። ይሄ ማለት ሾፌሩ እዚያው ይቆማል፣ መኪናውን መንዳት አይችልም ማለት ነው።

ምርመራው ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ተቆጣጣሪው በእንግሊዝኛ ያነጋግራል፦ ከየት መጣህ፣ ወዴት ነህ፣ ምን ጭነሃል፣ ወረቀትህ የት አለ። እዚህ ላይ አስተርጓሚም ሆነ የስልክ ትርጉም አፕ አይፈቀድም። ስልክ አውጥቶ «ቆይ ልተርጉመው» ማለት አይሠራም። ይህን ያለፈ ሰው ቀጥሎ የመንገድ ምልክቶችን እያየ ትርጉማቸውን ይናገራል።

ዜናው «የትራክ ነጂዎች የእንግሊዝኛ ፈተና» እየተባለ ስለሚወራ ኮንትራክተሩ «ለእነሱ ነው» ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ደንቡ ግን ሲዲኤል ያላቸውን ብቻ አይልም። 10,001 ፓውንድ የደረሰ መኪና ይዞ ለሥራ ስቴት የሚሻገር ሾፌር ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትተው ቀለም ቀቢ ጭምር።

ሸክሙ እኩል ነው ወይ?

ቁጥጥሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። ሰባት ሺህ ፓውንድ ተሳቢ ብሬኩ ካልያዘ፣ ወይም ያልታሰረ መሰላል ሃይዌይ ላይ ቢወድቅ፣ ጉዳቱ ሾፌሩ ኮንትራክተር ስለሆነ አይቀንስም። «ድልድይ ተዘግቷል» የሚል ምልክት ማንበብ አለመቻልም ቀልድ አይደለም።

ሸክሙ ግን እኩል አይወርድም። መቶ ትራክ ያለው ኩባንያ ወረቀቱን የሚከታተል ሰው ቀጥሯል። አንድ ሾፌር ቢቆምበት ሌላ ይልካል። አንድ ፒክአፕ ያለው ሰው ግን አሠሪውም፣ ሾፌሩም፣ ጸሐፊውም ራሱ ነው። እሱ ሲቆም ድርጅቱ ቆመ። አብረውት ያሉት ሁለት ሠራተኞች የዕለት ሒሳባቸው ቀረ፣ ደንበኛው ቤት በር ላይ ይጠብቃል፣ መኪናውን የሚያነሳ ሌላ ብቁ ሾፌር መፈለግ አለበት። ሕጉ ሁለቱንም «ሞተር ካሪየር» ብሎ ነው የሚጠራቸው፤ ስሙ አንድ ቢሆንም አቅማቸው የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ስለዚህ በእኛ እይታ ዋናው ክፍተት መረጃው ለትንሹ ሰው የሚደርስበት መንገድ ነው። አንድ ሰው ሕጉን መጀመሪያ የሚሰማው መንገድ ዳር ከቆመ በኋላ ከሆነ፣ ደህንነት አልጨመረም፤ አንድ ቤተሰብ የቀን ገቢውን ብቻ አጣ። ከሚጠየቁት ነገሮች ብዙዎቹ ደግሞ ያን ያህል ገንዘብ የሚፈልጉ አይደሉም።

ምን ይጠየቃል?

▪️ የዩኤስ ዲኦቲ ቁጥር። ከፌዴራሉ የተሽከርካሪ ደህንነት መሥሪያ ቤት ከኤፍኤምሲኤስኤ በነፃ ነው የሚወጣው። የመንግሥት ደብዳቤ አስመስለው ክፍያ የሚጠይቁ ድርጅቶች ስላሉ ተጠንቀቁ። ምንም ባይቀየር እንኳ መረጃው በየሁለት ዓመቱ መታደስ አለበት። ካልታደሰ ቁጥሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ቅጣቱም በቀን እስከ 1,000 ዶላር፣ በድምሩ እስከ 10,000 ዶላር ሊደርስ ይችላል።

▪️ የድርጅቱ ስም እና ቁጥሩ በመኪናው ሁለት ጎን፣ በቀን ብርሃን ከ50 ጫማ (15 ሜትር) ርቀት እንዲነበብ ሆኖ።

▪️ የሾፌሩ የጤና ምርመራ ካርድ። የሚሰጠው በፌዴራሉ መዝገብ ላይ ያለ መርማሪ ነው፤ ቢበዛ ለሁለት ዓመት ያገለግላል።

▪️ በዓመት አንድ ጊዜ የቴክኒክ ምርመራ። ለመኪናው ብቻ ሳይሆን ለተሳቢውም።

▪️ የእሳት ማጥፊያ እና ሦስት አንጸባራቂ ትሪያንግሎች።

▪️ የሥራ ሰዓት መዝገብ። ከመነሻው በ150 የአየር ማይል (በመሬት 172 ማይል ገደማ) ውስጥ ሠርቶ በ14 ሰዓት ውስጥ የሚመለስ ሾፌር ሎግ ቡክ አይጠየቅም። የገባበት እና የወጣበት ሰዓት ግን ተጽፎ ለ6 ወር መቀመጥ አለበት።

▪️ ዕድሜ። ስቴት ለመሻገር ሾፌሩ 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። አባቱን ለማገዝ ብሎ ያንን ፒክአፕና ተሳቢ ይዞ ድልድዩን የሚሻገር የ19 ዓመት ልጅ፣ መንጃ ፈቃድ ቢኖረውም ሕግ እየጣሰ ነው።

አዲስ የተመዘገበ ድርጅት ለ18 ወር በክትትል ሥር ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 12 ወራት ውስጥም መዝገቦቹ ይመረመራሉ። ቁጥሩን አውጥቶ ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ መርሳት አያዋጣም።

አንድ ወጥመድም አለ። «ቅዳሜ ሥራ የለኝም፣ የጓደኛዬን ሶፋ በ200 ዶላር ላድርስለት» ያለ ሰው፣ የራሱን ዕቃ ከመጫን ወጥቶ የሰው ዕቃ በክፍያ ማጓጓዝ ውስጥ ገባ። ስቴት ከተሻገረ በ300 ዶላር ማመልከቻ የሚጠየቅ ሌላ ፈቃድ አለ። 10,001 ፓውንድ ለደረሰ መኪናም ቢያንስ የ750,000 ዶላር የተጠያቂነት ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ለ200 ዶላር ብሎ እዚህ ውስጥ መግባት ኪሳራ ነው።

ቤት ውስጥ ያለው ሥራ

ይህን የምታነቡት ብዙዎቻችሁ ፒክአፑን የምትነዱት እናንተ አትሆኑም። አባታችሁ፣ አጎታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ያለው ጋሼ ነው የሚነዳው። ከመንግሥት ደብዳቤ ሲመጣ «እስቲ ይሄን አንብብልኝ» ተብሎ የሚሰጠው ግን ለእናንተ ነው። ፎርሙን በስልክ የምትሞሉትም እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር አድርጉ። የበሩን ማቀፊያ ፎቶ አንሡ፣ የተሳቢውንም አንሡ፣ ሁለቱን ቁጥሮች ደምሩ። ከ10,001 በታች ከሆነ በርቱ፤ ጭነቱ ከተፃፈው እንዳያልፍ ብቻ ተጠንቀቁ። ከደረሰ ወይም ካለፈ ግን ዲኦቲ ቁጥሩን ከራሱ ከመንግሥት ድረ ገጽ በነፃ ጀምሩ። እግረ መንገዳችሁንም ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ እና ምን እንደጫነ በእንግሊዝኛ እየጠየቃችሁ አለማምዱት፤ የመንገድ ምልክቶቹንም አሳዩት። ተቆጣጣሪው ሲያስቆመው ስልኩ አይረዳውም።