ሰፈር የሚታየው በክረምት ነው

«እህሳ ወዳጄ፣ የቤቱ ነገር ከምን ደረሰ?»

«ልጨርስ ነው መሰለኝ። ወደ ዘጌ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ ጣና ዳር ነው። በረንዳው ላይ ስትቆም ሐይቁ ፊት ለፊትህ ነው። ደላላው ሌላ ገዢ ስላለ ቶሎ ወስን ብሎኛል።»

«መቼ ነው ያየኸው?»

«ግንቦት መጨረሻ ላይ።»

በግንቦትማ ባሕር ዳር ውስጥ የማያምር ሰፈር የለም! መሬቱ ደርቋል፣ ጭቃው የለም፣ ጣናም ራሱ ወደ ውስጥ ሸሽቷል። የሐይቁ ውሃ ከዓመቱ ሁሉ ዝቅ የሚለው በግንቦትና በሰኔ ነው። ሞልቶ ከፍ የሚለው ደግሞ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ በመስከረም ነው። ልዩነቱ እንደየዓመቱ ቢሆንም አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይደርሳል። አንድ ሜትር ተኩል ትንሽ ይመስላል፤ ዳርቻው ሜዳ በሆነበት ግን ውሃው ወደ ጎን ተንጣልሎ ብዙ መሬት ይይዛል። አንተ በግንቦት የቆምክበት ሣር በመስከረም ምን እንደሚመስል የሚያውቀው እዚያው የከረመ ሰው ነው።

«ጫራጫራ ላይ ግድብ አለ አይደል እንዴ? ይቆጣጠሩታል» አለኝ።

አለ። ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ ዓባይ ከጣና የሚወጣበት ቦታ ላይ ውሃው በበር ይለቀቃል። ነገር ግን ያ በር የተሠራው ለጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ውሃ ለማጠራቀም ነው። የሐይቅ ዳር ሳሎን እንዳይርስ ተብሎ አይደለም።

ስለዚህ እኔ የምልህ፣ ሰፈር በሐምሌና በነሐሴ ሂድና እይ። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ከተማችን ደግሞ ሜዳ ናትና ውሃው ቶሎ የሚሄድበት ቁልቁለት የለውም። ሌሊት ዘንቦ ባደረ ማግስት፣ ባጃጁን ዋናው መንገድ ላይ ተውና በእግርህ ግባ። የአጥሩን ግንብ ግርጌ ተመልከት። ውሃ የተኛበት ግንብ ውሃው እስከደረሰበት ድረስ ቡናማ መስመር ይዞ ይቀራል። ቀለሙ ከጉልበት በታች ብቻ አዲስ ከሆነም ለምን እንደሆነ ጠይቅ። ግቢው ጥግ ላይ ግጫ ወይም ፊላ በቅሎ ካየህ ውሃው ከሥር አለ። አፈሩ ጥቁር ከሆነ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የወረደ ስንጥቅ ካለ መሠረቱ አብሮ እየተንቀሳቀሰ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ተከራዩን አግኘው። ባለቤቱ ይሸጣልና አይነግርህም፤ ተከራዩ ይነግርሃል። «መጸዳጃ ጉድጓዱ በክረምት እንዴት ነው?» በለው። በብዙው ሰፈራችን ፍሳሽ የሚጠራቀመው በየግቢው በተቆፈረ ጉድጓድ ነው። የከርሰ ምድር ውሃው ቅርብ ከሆነ ጉድጓዱ ከሥር ይሞላና ወደ ላይ ይመልሳል። ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚጠጣ ከሆነ ደግሞ ነገሩ የጤና ጉዳይ ይሆናል። ቀና ብለህ በየጣሪያው ያለውን ሮቶ ተመልከት። ሁሉም ቤት ትልልቅ ሮቶ ከሰቀለ የቧንቧ ውሃው በስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቅ። ወባውም አለ። ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ወባ የሚደርስበት ከፍታ ነው። ዝናቡ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲተኛ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ትንኙ ይበረታል። ሁለት ሕፃናት ይዘህ ረግረግ አጠገብ ልትገባ ነው።

«ጣናን ልታስጠላኝ ነው?»

ጣናን ማን ይጠላል ወንድሜ! ጣናን ስለምወድ ነው እንጂ። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ሐይቁንና ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው ያለ ምክንያት አይደለም። ዳሩን የያዘው ደንገል ከየማሳው የሚታጠበውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣው የሚራባበት፣ ወፉ የሚጠለልበት፣ ታንኳ የሚሠራበት እሱ ነው። ያ ደንገል እየተመነጠረ በረንዳ ሲሠራበት ሳይ ያመኛል። እንቦጭ በሐይቁ ላይ የከረመበትን ዘመን ሁላችንም አይተናል፤ ደለሉና ማዳበሪያው ሳይጣራ ሲገባ ማን እንደሚደሰት ግልጽ ነው። ሐይቅ ዳር የከተማው ሁሉ ቢሆን ነው የምወደው። ልጆችህን እሁድ ጠዋት በብስክሌት ይዘሃቸው ና፣ ዳሩን ዳሩን እንሂድ፤ ለዚያ አጥር አያስፈልግህም።

«ለመሆኑ ቤቱ ካርታ አለው?» አልኩት።

ዝም አለ። ቆይቶ፣ «ቦታው የገበሬ ነበር። ወደፊት ይስተካከላል ይላሉ» አለኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ ያልቃል ባይ ነኝ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ብሏል። ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው፤ ያርሳል፣ ያከራያል፣ ያወርሳል፤ ሊሸጥልህ ግን አይችልም። ሁለት ምስክር አስቀምጣችሁ የምትፈራረሙት የመንደር ውልም አያድንህም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ያዘዘው የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ከተማው ሲሰፋ ካሳው የሚሰላው ለሕጋዊው ባለይዞታ ነው። የጨረቃ ቤት የገዛ ሰው ገንዘቡንም ቤቱንም ያጣል። ወንድምህ ከውጭ የላከልህና አንተ በእቁብ ያጠራቀምከው ሁለተኛ የሚገኝ ገንዘብ አይደለም።

በማህበር ደርሷቸው ገና ያልገነቡትን ቦታ የሚያዞሩም አሉ። እሱም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚደረገውን ዝውውር በቁጥጥር ሥር አድርጎታል።

«ታዲያ የት ልግባ? በዚህ ብር መሀል ከተማ የማይታሰብ ነው።»

አንተ የምትሠራው ዘንዘልማ ነው፣ ባለቤትህ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ናት። በዘጌ መንገድ በኩል ከገባህ በየቀኑ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ልታቋርጥ ነው። ዓባይ ማዶ ግን በሁለታችሁ ሥራ መካከል ነው። ድሮ ዓባይ ማዶ ሲባል ሰው ፊቱን ያጠቁር ነበር፤ መኪናው ሁሉ በአንድ ጠባብ ድልድይ ላይ ሲጋፋ እኔም አስታውሳለሁ። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ወዲህ ግን 380 ሜትር የሚረዝመው፣ 43 ሜትር የሚሰፋው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ተከፍቷል፤ ለእግረኛና ለብስክሌትም መንገድ አለው። ሰፈሩን የለወጠው ይህ ነው። ዋጋውም እየተከተለ ነውና ብዙ አትቆይ። እዚያም ቢሆን ከዋናው መንገድ ርቀህ ወደ ሜዳው አትግባ፤ ከፍ ያለውን ምረጥ፣ የክረምቱን ፈተና እዚያም አድርግ።

ከነሐሴ 2015 ወዲህ በክልላችን ያለው ግጭት ያስተማረን ነገርም አለ። ባጃጅ በጊዜ በሚገባበት፣ ምሽት ላይ እንቅስቃሴ በሚገደብበት ወቅት ልጅ ቢታመምብህ ጤና ጣቢያው በእግር መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። ትምህርት ቤቱም እንደዚያው። የእድሩን ሰዎች አግኛቸው፤ ስንት ዓመት አብረው እንደኖሩ ስትሰማ ሌሊት በርህን ማን እንደሚያንኳኳልህ ታውቃለህ። ባለቤትህን ሳትይዝ ደግሞ አትወስን። ቤቱን ከአንተ በላይ የምትኖርበት እሷ ናት፤ እስካሁን አላሳየሃትም አይደል?

«አላሳየኋትም» አለኝ።

ነገ ውሰዳትና የምትለውን ስማ።

ቤት የምትፈልጉ የባሕር ዳር ሰዎችም አደራ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ካርታውን ይዛችሁ ክፍለ ከተማው መሬት ቢሮ ሂዱ። ፋይሉ መኖሩን፣ ዕዳና እገዳ አለመኖሩን አጣሩ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሚስቱም አብራ ትፈርም። ይህ ሁሉ ሳይሟላ አንድ ብር አትስጡ።