የልጅ ሳጥን ቁልፍ የማን ነው?



ባለፈው ሰሞን በእኔው ቤት ጠብ ተነሥቶ ነበር። የ15 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ሳለች እህቴ ሳጥኗን ከፈተች። አዲሱን ነጠላ ለራሷ ልጅ ለሠርግ ሰጠቻት፤ ደብተሯንም አስነብባ ሰማች። ልጄ ስታለቅስ እኔ ደግሞ «አክስትሽ አይደለች? ምን ችግር አለው?» ብዬ ተቆጣኋት። ሦስት ቀን ከእኔ ጋር ገበታ አልቀረበችም።

በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኔ ሆኖ አገኘሁት። ጎረቤት እንኳ ወንፊት ሲፈልግ ደጅ ቆሞ ይጠይቃል። የእኔን ሳጥን ማንም ሳያስፈቅድ ቢከፍት ዝም እል ነበር?

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 26፣ የማንኛውም ሰው ንብረትና ደብዳቤ እንዳይበረበር ይጠብቃል። ማንኛውም ሰው ሲባል ልጅም አለበት። በ1982 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የሕፃናት መብት ስምምነት፣ አንቀጽ 16፣ ይህንኑ ለልጆች ለይቶ ደንግጓል።

«ታዲያ ልጅ ልቅ ይሁን ወይ?» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይሁን። ግን መቆጣጠር ሌላ፣ መበርበር ሌላ ነው። የሚያሠጋ ነገር ካለ ወላጅ ልጁን አስቀምጦ ይጠይቅ፤ መፈተሽ ካለበትም ልጁ ባለበት ይሁን። ዘመድ ግን ያስፈቅድ።

እኔ ነጠላውን አስመልሻለሁ፤ ልጄን ይቅርታ ጠይቄ ቁልፉን ለእሷ ሰጥቻለሁ። የእህቴ ኩርፊያ ገና አልበረደም፤ እሱን በሽማግሌ እንጨርሰዋለን። የልጅ እምነት አንዴ ከሄደ ግን በሽማግሌም አይመለስ።

የማኅበሩ ጸሐፊ