«ተቋም ውለጂ» ብቻውን ምክር አይደለም

«ከቤት ወሊድ ነፃ ቀበሌ» መባል ለቀበሌ አመራር ከግብር አሰባሰብ እኩል የሚያስጨንቅ ጉዳይ የሆነበት ጊዜ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን በስም መዝግበው ቤት ለቤት ሲዞሩ መልእክታቸው አንድ ነው፤ «ተቋም ውለጂ»። ዘመቻው ፍሬ አልባ አልነበረም። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች እንደሚያሳዩት በጤና ተቋም የሚካሄደው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ2011 ከመቶ 10 ነበር፤ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ከ100,000 በሕይወት የሚወለዱ ሕፃናት አንጻር የሚሞቱት እናቶችም ከ2011 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ከ676 ወደ 412 ወርደዋል። ይህን የሚያጣጥል ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ዳገት ወርዶ የማያውቅ ነው።

እኔን የሚያስቆጣኝ ዘመቻው ሁሉንም ነፍሰ ጡር እንደ አንዲት ሴት መቁጠሩ ነው። ጤነኛዋና የልብ ሕመምተኛዋ፣ ደም ግፊት ያለባትና የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስደው፣ ሁሉም የሚሰሙት ያንኑ ሁለት ቃል ነው። ሕመም ይዛ ላረገዘች ሴት ግን ቤት ወይስ ተቋም የሚለው ጥያቄ ገና መጀመሪያው ነው። የትኛው ተቋም? በስንተኛው ሳምንት? ማን ባለበት? በምጥ ወይስ በኦፕራሲዮን? ይህ ሁሉ በሰባተኛው ወር ከእሷ ጋር ቁጭ ተብሎ መወሰን ሲገባው፣ ምጧ በመጣ ሌሊት በሪፈር ወረቀት ላይ ይወሰናል።

በጌዴኦ ያለችውን ሬኮን እንውሰድ። ሬኮ ሲባል የቡና ነጋዴ ጆሮውን ይቀስራል፤ የኮቸሬ ቡና በዓለም ገበያ ስም ካገኘባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። እዚያ የምትኖር ሴት እንሰትና ቡና በተሸከመ ተዳፋት ላይ ውኃ፣ እንጨትና እሸት ቡና ተሸክማ ስትወጣና ስትወርድ ትውላለች። ትንፋሽ ቢያጥራት «ዳገቱ ነው» ይባላል፤ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ «ፅንሱ ከብዷት ነው»። በልጅነቷ ሳይታከም ያለፈ የጉሮሮ ሕመም የልብ ቫልቯን አጥብቦት እንደሆነ የሚጠረጥር የለም። በእርግዝና ጊዜ የሰውነት ደም መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚጨምር ለዓመታት ተደብቆ የኖረው የቫልቭ ጥበት ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ነው። በአገራችን ይህ የሩማቲክ የልብ ሕመም እምብዛም የማይገኝ በሽታ አይደለም፤ ከድህነትና ከተጨናነቀ ቤት ጋር የሚሄድ፣ ወጣት ሴቶችን የሚመታ ነው። ደጋማ በሆነ አገር የሚሠራ አዋላጅ ነርስ ሊጠይቀው የሚገባው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማታ ስትተኚ ስንት ትራስ ትደራርቢያለሽ?» የሚል ነው። ትራስ የሌላት ከሆነም «ጋደም ስትዪ ትታፈኛለሽ ወይ?» ይበላት። ይህን ለመጠየቅ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም።

ካልተጠየቀች የሚሆነው ይህ ነው። ምጥ ሲጀምራት፣ እንደተመከረችው፣ ወደ ቅርቧ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። ግሉኮስ በፍጥነት ይለቀቅላታል፤ ለጤነኛ ሴት የማይጎዳው ፈሳሽ የእሷን ሳንባ ይሞላዋል። ደም እንዳይፈሳት ተብሎ ኧርጎሜትሪን ቢወጋት፣ ይህ መድኃኒት ደም ግፊት ላለባትም ለልብ ሕመምተኛም የተከለከለ ነው። ከዚያ አምቡላንስ ይጠራል። ይርጋጨፌ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ኦፕራሲዮን መሥራት ይችል ይሆናል፤ የልብ ሕመምተኛ ግን የሚያስፈልጋት ከቢላዋ በፊት የልብ አልትራሳውንድና የሠለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያ ነው። ስለዚህ ወደ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ትላካለች፤ አንዳንዴም ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው ሐዋሳ። የመዘግየት ትምህርታችን ሦስት ነገር ይቆጥራል፤ ከቤት ለመውጣት መዘግየት፣ በመንገድ መዘግየት፣ ተቋም ደርሶ መዘግየት። ይህች ሴት ግን በጊዜ ወጥታለች፤ የሄደችው ወደማይሆናት ተቋም ነው። በሪፖርቱ ላይ ግን «በተቋም የወለደች» ተብላ ትመዘገባለች።

የዚህ ቸልተኝነት መንታ ወንድም ደግሞ አለ፤ ከከተማ የመጣ ነው። «በሽተኛ ናትና አትማጥ፣ ኦፕራሲዮን ይሻላታል» ይላል። አማች ይለዋል፣ ጎረቤት ይለዋል፣ አንዳንዴ ነጭ ጋዋን የለበሰም ይለዋል። ስህተት ነው። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ ለአብዛኛዎቹ የልብ ሕመምተኞች የሚመርጠው በማህፀን በር መውለድን ነው፤ ሕመሟ እየታከመ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ በመጨረሻው ሰዓት ብዙ እንዳታምጥ እየታገዘች። ኦፕራሲዮን የበለጠ ደም ያፈሳል፣ ለኢንፌክሽንና ለደም መርጋት ያጋልጣል። ኤች.አይ.ቪ.ም እንዲሁ ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ቫይረሱ ላለባት ነፍሰ ጡር ሁሉ የዕድሜ ልክ መድኃኒት መስጠት ጀምራለች፤ መድኃኒቷን በትክክል ወስዳ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን የወረደላት ሴት ለቫይረሱ ሲባል ብቻ መቀደድ የለባትም። መለኪያውን ሳያዩ «ለልጁ ሲባል» ብሎ ማስፈራራት ምክር ሊባል አይገባም።

እርግጥ ገጠር ላይ ችግሩ የኦፕራሲዮን ማነስ እንጂ መብዛት አይደለም። በ2016ቱ ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከመቶ ወሊድ በኦፕራሲዮን የሆነው 2 ገደማ ብቻ ነው፤ አዲስ አበባ ግን ከ21 በላይ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳለው፣ በሕዝብ ደረጃ ከመቶ 10 በላይ የሚደረግ ኦፕራሲዮን የእናቶችንና የሕፃናትን ሞት ከመቀነስ ጋር አይያያዝም። አንድ አገር ውስጥ በአንድ ጊዜ የጎደለውም የተረፈውም አለ። ብዙ ልጅ በሚወለድበት በጌዴኦ ደግሞ ዛሬ ያለ በቂ ምክንያት የተቀደደ ማህፀን የሚቀጥለውን እርግዝና ሁሉ አደገኛ ያደርገዋል፤ ቀጣዩን ልጅ ጤና ጣቢያ ልትወልድ አትችልም፣ ዲላ መውረድ አለባት። ይህን ከመፈረሟ በፊት የነገራት ማን ነው?

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር ልበል። «አርግዘሻል፣ ኪኒኑን ተዪው» የሚለው ምክር ብዙ ሴቶችን ይጎዳል። የሚጥል በሽታ ያለባት መድኃኒቷን በድንገት ብታቆም በተደጋጋሚ ልትወድቅ ትችላለች፤ አንዳንዱ መድኃኒት፣ በተለይ ቫልፕሮዌት፣ ፅንሱን የሚጎዳ ስለሆነ መለወጥ ያለበትም ከማርገዟ በፊት ነው። ማቆምና መለወጥ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ምርጫ ስል ታዲያ ከወሊድ ቀን በፊት የሚጀምረውን ማለቴ ነው። ከባድ የቫልቭ ጥበት ያለባት ሴት ሳታረግዝ እንድትታከም፣ እስክትታከም የወሊድ መከላከያ እንድትወስድ ሊነገራት ይገባል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ንዑስ አንቀጽ 9 ሴቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት የሚደርስባቸውን ጉዳት ለመከላከል የቤተሰብ ምጣኔ መረጃ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። እርግዝናው ሕይወቷን ወይም ጤናዋን ለአደጋ የሚጥል ከሆነም የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 551 የሚፈቅደው መንገድ አለ። ጌዴኦ ጸሎተኛ አገር ነው፤ «ጌታ ያውቃል» ብሎ መቀጠልን የምትመርጥ ብዙ ሴት ትኖራለች፤ መብቷ ነው። አማራጩን ሳይነግሯት በእምነቷ ስም ዝም ማለት ግን የባለሙያው ውሳኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

«ድሃ ምን ምርጫ አለው? ስፔሻሊስቱስ የት አለ?» የሚሉ አሉ። ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የራሳቸው ሚስት አዲስ አበባ የወለደችላቸው ናቸው። መልሱ ከእኛው አገር አለ። ጉራጌ ውስጥ የሚገኘው የአጣጥ ሆስፒታል የእናቶች ማቆያ የጀመረው ከአሥርተ ዓመታት በፊት ነው፤ አደጋ ያለባት እናት ምጥ ሳይመጣ ወርዳ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ትቆያለች። ለሬኮዋ ሴት የሚያስፈልጋት እንዲህ ያለ አልጋ ነው፤ ሆስፒታል አጠገብ፣ ዲላ ላይ። ማቆያው ከጤና ጣቢያ ጎን ብቻ ከተሠራ የልብ ሕመምተኛዋን የሚያቆያት የማያክማት ሰው ደጃፍ ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ ቤቷን ጥላ እንደማትመጣ እናውቃለን። ስለዚህ በሰባተኛው ወር የሚደረገው ንግግር ባሏንና አማቷንም የሚጨምር ይሁን፤ ቡናውን ማን ይለቅማል፣ ልጆቹን ማን ያያል፣ ደም ካስፈለገ ማን ይሰጣል የሚለው በካርዷ ላይ ይጻፍ። የመጨረሻው ቃል ግን የእሷ ይሁን፤ እሷ ምጥ ላይ ሆና ሳለ በኮሪደር የሚመካከሩ ወንዶች የፈረሙበት ወረቀት የእሷ ፈቃድ አይደለም።

ከሁሉ የባሰው ከወሊድ በኋላ ያለው ነው። ልጁ ሲያለቅስ የዘመቻው ሥራ ያበቃል፤ እናቲቱም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ባጃጅ ላይ ተጭና የቡላ ገንፎ ወደሚጠብቃት ቤት ትመለሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት ጤነኛዋ እንኳ ቢያንስ 24 ሰዓት በተቋም እንድትቆይ ይመክራል። ማህፀን ሲኮማተር በውስጡ የነበረው ደም በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመለሳል፤ የጠበበው ቫልቭ ሊያሳልፈው ስለማይችል ሳንባዋ ውኃ የሚሞላው ብዙውን ጊዜ በዚያ ቀንና በማግስቱ ነው። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ የነበረችውም ከወለደች በኋላ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። እነዚህን ሴቶች «ደህና ነሽ፣ ሂጂ» ብሎ አልጋውን ለተረኛ ማስለቀቅ ካለ፣ የወለዱት ተቋም ውስጥ መሆኑ ለሪፖርት እንጂ ለእነሱ አይጠቅምም።