ሰንደቅ ዓላማ ከደጅ፥ ታቦት ከመንበር

የጥምቀት በዓል ሲቀርብ በጅማ፥ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትና በዙሪያቸው ባሉት የቡና ከተሞች ታቦት የሚያልፍበት መንገድ በአረንጓዴ፥ በቢጫና በቀይ ጨርቅ ያጌጣል። ይህን የምንነቅፍበት ምክንያት የለም፤ መንገድ የሕዝብ ነውና ሕዝብ በአገሩ ቀለም ቢያስጌጠው ደስታውን መግለጡ ነው። ነገር ግን ጨርቁ በመንገድ አልቀረም። ከቅጽሩ ገብቶ፥ በቅኔ ማሕሌቱ ምሰሶ ተጠምጥሞ፥ በብዙ ስፍራ እስከ መቅደሱ መጋረጃና እስከ ካህኑ ካባ ደርሷል። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብሎ የጠየቀም ሰው አገሩን እንደ ካደ ይቆጠራል። አንባቢ ሆይ፥ ይህ ጽሑፍ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ መልሱንም አስቀድሞ ይናገራል። የሰንደቅ ዓላማ ክብር ከደጅ ነው እንጂ ከመቅደስ አይደለም።

የሚቃወሙን ወገኖች ከሁሉ አስቀድመው የሚያነሡት የኖኅን ቀስተ ደመና ነው። ሦስቱ ቀለማት የኪዳኑ ምልክት ናቸውና ከመቅደስ ሊለዩ አይገባም ይላሉ። መልካም፤ እንግዲያስ መጽሐፉን ይክፈቱልን። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 9 የተነገረው ኪዳን ከአንድ ነገድ ጋር የተደረገ አይደለም፤ ከኖኅና ከልጆቹ፥ ከዘራቸውም፥ ሕይወት ካለው ፍጥረት ሁሉ ጋር ነው እንጂ። ለሥጋ ለባሽ ሁሉ የተዘረጋውን ቀስት አጥፎ የአንድ መንግሥት ግምጃ ማድረግ ኪዳኑን ማጥበብ ነው እንጂ ማክበር እንዴት ይሆናል? ቀለም በራሱ የሚቀድስ ከሆነማ የጅማ ገበሬ ከሁላችን ይልቅ ባለጸጋ ነው፤ የቡና ፍሬ መጀመሪያ አረንጓዴ፥ ቀጥሎ ቢጫ፥ በመጨረሻም ቀይ ሆኖ በአንድ ቅርንጫፍ ላይ ይታያልና። ያን ቅርንጫፍ ዘንጥፎ በመንበሩ ላይ ያኖረ ቄስ ግን እስከ ዛሬ አልሰማንም።

ታሪኩም ቢሆን አይረዳቸውም። ሦስቱ ቀለማት በአንድ ሰንደቅ የተሰፉት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፥ በ1890 ዓ.ም. ነው። ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ እስከዚያ ድረስ ከአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት በላይ ያለዚህ ጨርቅ ተቀድሷል፤ ቅዳሴውም የጎደለበት ነገር አልነበረም። ከዚያም ወዲህ ምልክቱ በአንድ ጸንቶ አልኖረም፤ መስቀል የያዘው አንበሳ ነበረበት፥ ደርግ አንበሳውን አንሥቶ የራሱን አርማ አኖረበት፥ በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ኮከብ ያለበት አርማ ወጣ። በቅዳሴም የንጉሡ ስም ይነሣ ነበር፤ ዙፋኑ በ1967 ዓ.ም. ሲወድቅ ስሙም ከጸሎቱ ወጣ። ስም በጸሎት መነሣቱ ስለሚያልፍ ሰው የሚቀርብ ልመና ነውና ሰውየው ሲያልፍ ይቀራል። በመንበሩ ላይ የሰቀልነውን ግን በየመንግሥቱ ልናወርድና ልንሰቅል ነውን?

የዚህንም ነገር ፍሬ እያየነው ነው። በአዋጅ ቁጥር 654/2001 መሠረት አርማ የሌለውን የሰቀለ በሕግ ይጠየቃል፤ ባለ አርማውን የሰቀለ ደግሞ ከምእመናኑ ብዙዎች ያዝኑበታል። በጥር 2014 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዳርቻ የወይብላ ማርያም ታቦት ሲመለስ ምእመናን በጥይት ሞቱ፤ ለጠቡ ምክንያት ሆኑ ከተባሉት ነገሮች አንዱ ይኸው የጨርቅ ቀለም ነበረ። ባለ ሥልጣኖችን ነጻ ማውጣታችን አይደለም፤ የነጠላን ጥለት እየመረመረ ምእመንን ከበዓል የሚመልስ ወታደር፥ ጨርቁን ጣዖት ካደረገው ሰው በምን ይሻላል? ይህን አውርደን የክልላችንን ወይም የነገዳችንን ቀለም በፈንታው እንስቀል የሚሉትም ያንኑ ስሕተት በሌላ ቀለም መድገማቸው ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ክርክር ግን ከዚሁ ከጅማ የሚነሣው ነው። በዚህ አገር ክርስቲያኑ በቍጥር ጥቂት ነው። በ1999 ዓ.ም. በአጋሮ አጠገብ በበሻሻ የምእመናን ደም ፈሷል፤ በ2003 ዓ.ም. በአሰንዳቦና በዙሪያው የወንጌላውያን ክርስቲያኖች ብዙ የጸሎት ቤቶች ተቃጥለዋል። ስለዚህ ሰንደቅ ዓላማው ጋሻችን ነው፥ በዚህ ምድር እንግዶች እንዳልሆንንም ይመሰክርልናል ይላሉ። እንዲህ በሚለው ሰው ላይ አንዘብትም፤ የተቃጠለ ቤት አይቷልና። ሆኖም ጎረቤቱ ምን እንደሚያይ ያስብ። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ በሰላም ገብረው፥ እስልምናቸውንና አገዛዛቸውን ጠብቀው ኖሩ፤ አገራቸው በቀጥታ ከማዕከላዊው መንግሥት እጅ የገባው በ1920ዎቹ ነው። በደቡብና በምዕራብ በብዙ አገር ደግሞ ቤተ ክርስቲያንና የጦር ሰፈር ጎን ለጎን በአንድ ጉብታ ላይ ተተክለዋል። ይህን ከአባቶቹ የሰማ ሰው በመቅደሳችን ላይ የመንግሥትን ምልክት ሲያይ፥ ቤቱ የእግዚአብሔር ሳይሆን የገዥ ቤት ይመስለዋል። ጋሻ ያልነው ነገር ዒላማ ሆነብን ማለት ነው።

ይልቁንም ሰንደቅ ዓላማው የእርሱም መሆኑን ዘነጋን። ወደ ዐድዋ ሙስሊሙም ዘምቷል። እርሱ ሊገባ ከማይችልበት ክፍል ወስደን በሰቀልነው ጊዜ የጋራውን ርስት ቆለፍንበት፤ ከዚያም ተመልሰን አገሩን አይወድም ብለን እናማዋለን።

አቡነ ጴጥሮስስ? አቡነ ሚካኤልስ? ይሉናል። በ1921 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተሾሙት አራት ኢትዮጵያውያን መካከል አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ፥ አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ፥ ከዚሁ ከቡናው ምድር፥ በጠላት ጥይት ወደቁ። ከአራቱ አንዱ አቡነ አብርሃም ግን በጠላት አገዛዝ ሥር የቤተ ክርስቲያንን አለቅነት ተቀበሉ። ሁሉም የኖሩት ከአንድ ሰንደቅ ዓላማ በታች ነበረ፤ እንግዲህ የለያቸው ጨርቅ አይደለም። በወራሪው በኩል ያለውን ደግሞ እንመልከት። በጥቅምት 1928 ዓ.ም. ካርዲናል ሹስተር በሚላኖ ካቴድራል ቆመው የኢጣልያን ዘመቻ አመሰገኑ፤ ሠራዊቱንም የመስቀልን ድል እንደሚያደርስ አድርገው ሰበኩ። ያው ሠራዊት ጅማን ይዞ የምዕራብ ግዛቱ መቀመጫ አደረጋት፤ ባንዲራውም እስከ 1933 ዓ.ም. ተውለበለበባት። በሚላኖ የነቀፍነውን በጅማ እንዴት እናመሰግናለን?

ስለ አገር መጸለይ ይቅር ያለ የለም። ዲያቆኑ ስለ አገር ሰላም ጸልዩ ሲል ሁላችን እንጸልያለን፤ በዚያም ጸሎት የአገራችንን ኃጢአት ጭምር ይዘን እንቆማለን። ሰንደቅ ዓላማ ግን ኃጢአት የለበትም፤ ንስሓም አይገባም፤ ክብርን ብቻ ይቀበላል። በመቅደስ ክብርን የሚቀበል አንድ ነው።

ስለዚህ የጅማንና የአጋሮን አድባራት አለቆች የምንለምነው ይህን ነው። ጨርቁ ከመጋረጃውና ከካባው ላይ ይነሣ። በቅጽሩ በር ረጅም እንጨት ይተከልለትና በክብር ይሰቀል፤ ዝናብ ሲያጠፋውም በአዲስ ይለወጥ፤ በዚያም በኩል ወደ ትምህርት ቤት የሚያልፈው የሙስሊሙ ጎረቤታችን ልጅ ቀና ብሎ ይየው።