ተጫዋቹ ቁጥሩን ይዞ ይዛወራልን?

የአውሮፓ ክለቦች የዝውውር መስኮት በተከፈተባቸው ሳምንታት የእግር ኳስ ወዳጆችን አንደበት የሚይዘው ሜዳው ሳይሆን ገበያው ነው። ማን የትኛውን ክለብ ለቆ የትኛውን ተቀላቀለ፣ በስንት ሚሊዮን ፓውንድ፣ በውሰት ነው ወይስ በሽያጭ የሚለው ክርክር ከሻይ ቤት እስከ ቤተ ሙከራ ደጃፍ ይሰማል። ከእነዚህ ደጋፊዎች መካከል ክርክሩ ብቻ የማይበቃቸው፣ ሌሊቱን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠው ራሳቸው ገዢና ሻጭ፣ ራሳቸው አሰልጣኝ የሚሆኑ አሉ። በጨዋታቸው ኳስ አይመቱም፤ የተጫዋች ምስል በጆይስቲክ አያሯሩጡም። ሥራቸው የስም ዝርዝር ማንበብ፣ ደመወዝ መደራደር፣ አሰላለፍ መምረጥ፣ ከዚያም ውጤቱን መጠባበቅ ነው። ከውጭ ለሚመለከታቸው የሒሳብ ሹም ሥራ ይመስላል። እነርሱ ግን «አንድ ጨዋታ ብቻ» እያሉ ያነጋሉ።

ወላጆችና መምህራን ይህን ጊዜ ማባከን ይሉታል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም። በሳይንስ ፋኩልቲ ዓይን ሲታዩ እነዚህ ወጣቶች ሳያውቁት በፕሮባቢሊቲ ሞዴል ውስጥ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የእኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ጨዋታው አንድ የተሳሳተ ሐሳብ በጸጥታ ያስተምራቸዋል፤ ይኸውም የተጫዋች ችሎታ እንደ ቁመቱ የግሉ ነው፣ ክለብ ሲቀይርም እንደ ሻንጣው ይዞት ይሄዳል የሚል ነው።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ ታሪክ ከአርባ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንግሊዛዊው ኬቨን ቶምስ «ፉትቦል ማኔጀር» የተባለውን ፕሮግራም ለገበያ ያቀረበው በ1982 ነበር። ደስ በሚል አጋጣሚ፣ በዚያው ዓመት ማኸር የተባለ የስታቲስቲክስ ተመራማሪ የእግር ኳስ ውጤቶችን በፖይሰን ሥርጭት የሚገልጽ ጥናት አሳተመ። በ1992 ደግሞ ፖልና ኦሊቨር ኮልየር የተባሉ ወንድማማቾች «ቻምፒየንሺፕ ማኔጀር»ን አወጡ። ከ2004 ወዲህ የእነርሱ ሥራ የቶምስን ጨዋታ ስም ወርሶ «ፉትቦል ማኔጀር» ይባላል።

በወንድማማቾቹ ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የቁጥሮች ስብስብ ነው። ቅብብሉ፣ ፍጥነቱ፣ ቆራጥነቱ፣ ጥንካሬው ሁሉ ከ1 እስከ 20 ይመዘናል። ከእነዚህ ጀርባ ደግሞ ለተጫዋቹ የማይታዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንዱ የአሁኑ ችሎታ፣ ሌላው ወደፊት ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው፤ ሁለቱም እስከ 200 ይደርሳሉ። ቁጥሮቹን የሚሰጡት በልዩ ልዩ አገሮች ተሰማርተው ጨዋታ የሚከታተሉ ከአንድ ሺህ በላይ ታዛቢዎች ናቸው። ስለዚህ ቁጥሩ እንደ ሙቀት በመሣሪያ የተለካ አይደለም፤ የሰው ግምት ነው። ግምት ደግሞ ሊያሾፍም ይችላል። በ2001/02ቱ ዕትም ቶ ማዴይራ የተባለ፣ በእውኑ ዓለም የሌለ ፖርቱጋላዊ አጥቂ በአንድ አነስተኛ ክለብ መዝገብ ውስጥ ገብቶ ስንቱን «አሰልጣኝ» ዋንጫ አሸልሟል!

ማኸር ያሳየውን ነገር በምሳሌ እንመልከት። አንድ ቡድን በጨዋታ በአማካይ 1.5 ግብ፣ ተጋጣሚው 1 ግብ ያስቆጥራል እንበል። የአንዱ ግብ በሌላው ላይ ተጽዕኖ የለውም ብለን ብናሰላ፣ ብርቱው ቡድን ከ100 ጨዋታ 49 ያህሉን ያሸንፋል፤ 26ቱ በአቻ ይጠናቀቃሉ፤ በቀሩት 25 ጨዋታዎች አሸናፊው ደካማው ቡድን ነው። በ1997 ዲክሰንና ኮልስ ዝቅተኛ ውጤቶችን በሚመለከት ሞዴሉን አሻሽለውታል፤ ዋናው ሐሳብ ግን አልተለወጠም። ሃያ አምስቱን ሽንፈቶች ደጋፊ «ዳኛው ነው» ይላቸዋል። የስታቲስቲክስ ተማሪ ግን ማንንም ሳይወቅስ አስቀድሞ ይጠብቃቸዋል።

የኮምፒውተሩ «አሰልጣኝ» እነዚህን ሽንፈቶች የሚያመልጥበት ዘዴ አለው። ከጨዋታው በፊት ፋይሉን ያስቀምጣል፤ ከተሸነፈ ፋይሉን መልሶ ከፍቶ እንደገና ይጫወታል። የማሸነፍ ዕድሉ 25 በመቶ ብቻ የሆነ ቡድን አራት ጊዜ ቢሞክር ቢያንስ አንዴ የማሸነፍ ዕድሉ 68 በመቶ ይደርሳል (0.75ን አራት ጊዜ አባዝቶ ከ1 መቀነስ ነው)። ከዚያ የመጨረሻውን ፋይል ብቻ ይዞ «ታክቲኬ ሠራ» ይላል። በቤታችንም ይህ በሽታ እንዳለ አንሸሽግም፤ የተፈለገው ውጤት እስኪመጣ ሙከራውን ደጋግሞ የመጨረሻውን ብቻ በመመረቂያ ጽሑፍ ማስፈር ከዚህ በምን ይለያል?

አሁን ወደ ዝውውሩ እንምጣ። በአንድ የውድድር ዓመት በአማካይ 12 ግብ ማስቆጠር የሚችሉ፣ በችሎታ ፍጹም እኩል የሆኑ 100 አጥቂዎች አሉ እንበል። በፖይሰን ሥርጭት ብናሰላ ከእነዚህ መካከል 6 ያህሉ በዕድል ብቻ 18 ወይም ከዚያ በላይ ያስቆጥራሉ። በመስኮቱ ወቅት የሚገዙት እነማን ናቸው? ስድስቱ ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት በአዲሱ ክለባቸው በአማካይ 12 ሲያስቆጥሩ ጋዜጣው «የዋጋው ክብደት አጎበጣቸው» ብሎ ይጽፋል። ያጎበጣቸው ነገር ግን የለም፤ መጀመሪያም 12 ነበሩ። ፍራንሲስ ጋልተን በ1886 የረጃጅም ወላጆች ልጆች በአማካይ ከወላጆቻቸው እንደሚያጥሩ፣ የአጫጭሮቹም እንደሚረዝሙ ባሳየ ጊዜ የገለጸው ክስተት ይኸው ነው፤ ወደ አማካይ መመለስ ይባላል።

ዕድል ግን ሁሉንም አይገልጽም። ፈርናንዶ ቶሬስን የማያስታውስ የእንግሊዝ ሊግ ተመልካች ጥቂት ነው። በሊቨርፑል በ102 የሊግ ጨዋታዎች 65 ግብ አስቆጠረ። በጥር 2011 በ50 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ቼልሲ ተዛውሮ በ110 የሊግ ጨዋታዎች ያስቆጠረው 20 ብቻ ነበር። ከቁልቁለቱ ምን ያህሉ በ2010 ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ጉልበቱ ነው? ምን ያህሉ ከኋላው ኳስ ይልክለት የነበረው ጄራርድ አለመኖሩ? ምን ያህሉ የዕድሜ፣ ምን ያህሉ የአጋጣሚ? አንዲት ቁጥር እነዚህን ሁሉ ቀላቅላ የያዘች በመሆኗ ልትለያቸው አትችልም። የሞሐመድ ሳላህ ታሪክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በቼልሲ በ13 የሊግ ጨዋታዎች 2 ግብ ያስቆጠረው ተጫዋች፣ በሊቨርፑል የመጀመሪያ ዓመቱ በ2017/18 በሊጉ 32 ግብ አስቆጠረ። ሰውየው አንድ ነው፤ እግሮቹም ሁለት ናቸው። አብረውት የሚሮጡት ግን ተለውጠዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ፣ ግብ የአንድ ሰው ንብረት ሆኖ የሚመዘገበው ለመዝጋቢው ስለሚቀል ነው።

ሊቨርፑል በዚያ ዘመን የተጫዋቾችን መረጃ የሚያጠናለት የምርምር ክፍል ነበረው። ኃላፊው ኢያን ግራሃም በካምብሪጅ በፊዚክስ የዶክትሬት ዲግሪውን ያገኘ ሰው ነው። በሥሩ ይሠራ የነበረው ዊሊያም ስፒርማን ደግሞ በሃርቫርድ የቅንጣት ፊዚክስ ተምሯል። ልጃቸው ፊዚክስ በመምረጡ ለሚያዝኑ ወላጆች ይህን እንደ ማጽናኛ እናቀርባለን።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የታዳጊዎቹ ጉዳይ ነው። የጨዋታው አፍቃሪ ታላቁ ደስታ ማንም ያላወቀውን የ16 ዓመት ልጅ በርካሽ ገዝቶ ኮከብ ማድረግ ነው። ከ2001/02ቱ ዕትም ኮከቦች መካከል ኪንሻሳ ተወልዶ በስዊድን ያደገው ቶንቶን ዞላ ሙኮኮ እና ባንጁል የተወለደው ቸርኖ ሳምባ ይገኙበታል። በእውኑ ዓለም ሙኮኮ ለደርቢ ካውንቲ ዋና ቡድን፣ ሳምባም ለሚልዎል ዋና ቡድን አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰለፉም። ሁለቱ ልጆች በሺህ የሚቆጠሩ የማያውቋቸው ሰዎች የዓለም ዋንጫ ያበሉላቸው፣ ራሳቸው ግን ተራ ሕይወታቸውን ይመሩ የነበሩ ወጣቶች ናቸው። ያን ቁጥር አልጠየቁም፤ አልፈረሙበትምም።

የጨዋታው ሠሪዎች በዚህ ረገድ ከተጫዋቾቻቸው ይልቅ ጠንቃቆች ሆነው ይታዩናል። የወደፊቱ ለማይታወቅ ታዳጊ በጣሪያው ቦታ አንድ ቁጥር ሳይሆን ክልልን የሚወክል ምልክት ማስገባት ይቻላል፤ ጨዋታው በአዲስ በተጀመረ ቁጥር ፕሮግራሙ ከክልሉ ውስጥ አንዱን በዘፈቀደ ይመርጣል። ያው ልጅ በአንዱ ኮምፒውተር የዓለም ኮከብ፣ በሌላው የሁለተኛ ዲቪዚዮን ተቀያሪ ይሆናል ማለት ነው። ስለ ልጆች የወደፊት ዕጣ ከዚህ የበለጠ ሐቀኛ አነጋገር በብዙ የስፖርት ገጾች ላይ አላነበብንም።

ነገሩ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ባልተጨነቅን። ነገር ግን በ2008 ኤቨርተን የጨዋታውን የመረጃ ቋት ለተጫዋች ፍለጋ ለመጠቀም ከሠሪዎቹ ጋር ተስማማ። ደጋፊ የገመተው ቁጥር ወደ እውነተኛው ገበያ ተመልሶ ገባ ማለት ነው። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ልጅ ቢያንስ በስህተትም ቢሆን ይታያል። ታዛቢ ያልደረሰበት ልጅ ግን ዜሮ ሳይሆን ባዶ ቦታ ነው፤ በዜሮና በባዶ ቦታ መካከል ያለውን ልዩነት የማያውቅ ገዢ ሁለቱንም እኩል ያልፋቸዋል። የእኛ አገር የታዳጊዎች ውድድሮች፣ በተለይ ከዋና ከተማው ርቀው የሚካሄዱት፣ በአብዛኛው በዚህ ባዶ ቦታ ውስጥ ይገኛሉ።

ስለዚህ ሌሊቱን ፋይል በመክፈትና በመዝጋት ለሚያሳልፉ ተማሪዎቻችን አንድ ሥራ እናቀርባለን። ቻርልስ ሪፕ የተባለ የእንግሊዝ አየር ኃይል የሒሳብ ሹም በመጋቢት 1950 በስዊንደን ሜዳ ተቀምጦ የኳስ ቅብብልን በእርሳስ መመዝገብ ጀመረ። በ1968 ከበርናርድ ቤንጃሚን ጋር ውጤቱን በእንግሊዝ የስታቲስቲክስ ማኅበር መጽሔት አሳተመ። ከ10 ግቦች 8 ያህሉ ከሦስት በማይበልጡ ቅብብሎች እንደሚገኙ አይቶ ረጅም ኳስ መምታት ይሻላል ብሎ ደመደመ። ይሁን እንጂ በራሱ መዝገብ ላይ ከ10 የማጥቃት ሙከራዎች 9 የሚሆኑት ከሦስት ቅብብል አያልፉም ነበር፤ አጫጭሮቹ ከድርሻቸው ያነሰ ግብ ነበር ያስገኙት። መዝገቡ ግን ተሟልቶ ስለተቀመጠ፣ ስህተቱን ሌሎች ከዚያው ገጽ ላይ ሊያዩት ቻሉ።

ሁለት ተማሪ፣ አንድ ደብተር፣ አንድ የእጅ ሰዓት ይበቃል። በየሳምንቱ ወደ አንድ የታዳጊዎች ሜዳ ሄደው ማን ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ፣ ከማን ጋር እንደተሰለፈ፣ ስንት ጊዜ ወደ ግብ እንደሞከረ ይጻፉ፤ ያገባውን ብቻ ሳይሆን የሳተውንም፣ ያቀበለውን ብቻ ሳይሆን የተነጠቀውንም። ለልጆቹ ስም ፋንታ የመለያ ኮድ ይጠቀሙ። በዓመቱ መጨረሻ ደብተሩን ለስታቲስቲክስ ክፍል ያስረክቡ።